ሙስታንግን ከነአሻንጉሊቷ፦ የአሜሪካ ክላሲክ መኪና መሰብሰብ ለሚጀምሩ ዝርዝር መመሪያ

ቨርጂኒያ እንደመጣሁ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ፣ አንድ የገበያ አዳራሽ ፊት ለፊት አሮጌ መኪኖች ተደርድረው አየሁ። ኮፈናቸው ተከፍቷል። ባለቤቶቹ በተጣጣፊ ወንበር ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። አንዷ ቀይ ፎርድ ሙስታንግ ነበረች። ከባትሪዋ አጠገብ ያቺው መኪና በመዳፍ ልክ ተሠርታ ቆማለች። ቀለሟ ያው፣ ቸርኬዋ ያው። ባለቤቱን ስለ ትንሿ ጠየቅኳቸው። አባታቸው ትልቋን ሲገዙ ሻጩ ለልጅየው በምራቂ የሰጣት ነች አሉኝ። ልጅየው እሳቸው ነበሩ። አሁን ሽበት ወሯቸዋል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱን ለያይቼ ማየት አልቻልኩም። ብዙ ሰው ወይ ትልቁን መኪና ይሰበስባል፣ ወይ አሻንጉሊቱን። እኔ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው። አንዲት መኪና ምረጡ። እስከ አሻንጉሊቷ ድረስ እወቋት። መጀመሪያ ትንሿን ግዙ። ዓይናችሁ ሲሠለጥን ወደ ትልቋ ሂዱ። በትንሿ የሚሠራ ስሕተት ኪስ አይጎዳም። በትልቋ የሚሠራ ስሕተት ግን የዓመት ደሞዝ ይበላል።

እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ አንዲት መኪና ምረጡ

ጀማሪ ሁሉን ይመኛል። የ1957ቱን ሸቭሮሌት ቤል ኤር፣ ክንፉ ሰማይ የሚነካውን የ1959 ካዲላክ፣ የ1969ኙን ዶጅ ቻርጀር። ምኞቱ ጥሩ ነው፤ ከሁሉም አንዳንድ የገዛ ሰው ግን አንዱንም በደንብ አያውቅም።

ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ። መለዋወጫዋ ይገኛል? እሷ አዲስ በነበረችበት ዘመን አሻንጉሊቷ ተሠርቷል? ባቅራቢያዬ ቆሜ የማያት አንዲት መኪና አለች? ለሦስቱም አዎ የምትል መኪና ስትፈልጉ የመጀመሪያው ትውልድ ሙስታንግ ከፊት ትመጣለች። ሚያዝያ 17 ቀን 1964 በኒው ዮርኩ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ ቀረበች። መነሻ ዋጋዋ 2,368 ዶላር ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላት 1 ሚሊዮንኛዋ ተሠራች። በ1966 ሞዴል ብቻ 607,568 ሙስታንግ ወጥቷል። ይህን ያህል ስለተሠራ ዛሬ ከበር እጀታ ጀምሮ እስከ ሙሉ ቦዲ ድረስ አዲስ እየተመረተ ይሸጣል። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ እፎይታ የለም።

በተቃራኒው ደግሞ የ1948ቱን ታከር አስቡ። በጠቅላላው 51 ብቻ ነው የተሠራው። የ1953ቱ ኮርቬት 300 ብቻ ነው፤ ሁሉም ውጪው ነጭ፣ ውስጡ ቀይ። እነዚህን በአሻንጉሊት ሰብስቧቸው፣ በሙዚየም ሂዱና እዩዋቸው። የመጀመሪያ መኪና ግን አይሆኑም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በሙስታንግ ምሳሌ የቀረበ ነው። ሌላ መኪና ብትመርጡም አካሄዱ አይለወጥም።

ደረጃ 2፦ ዓይናችሁን አሠልጥኑ

ዶላር ከማውጣታችሁ በፊት የ1965ቱንና የ1966ቱን ሙስታንግ በአንድ እይታ መለየት ቻሉ። ከሩቅ መንትያ ይመስላሉ። ቀረብ ብላችሁ ሦስት ቦታ እዩ።

መጀመሪያ የፊት ፍርግርጉን። የ1965ቱ የማር እንጀራ ይመስላል። መሐል ላይ ካለው ፈረስ ግራና ቀኝ የሚዘረጋ ዘንግም አለው። የ1966ቱ ፍርግርግ አግድም መስመር ነው፤ ጂቲ ከሚባለው በቀር ዘንጉ የለም፣ ፈረሱ በፍሬሙ ውስጥ ብቻውን ይጋልባል። ሁለተኛ፣ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት በጎኗ ላይ ያለውን ጌጥ። በ1966ቱ ሦስት ጣት የሚመስል ጌጥ የተለመደ ነው። ሦስተኛ፣ ክሩስኮቱን። የ1965ቱ መደበኛ ፍጥነት መቁጠሪያ አግድም የተኛ ረዥም ነው፤ የ1966ቱ ክብ ክብ ጌጆች ናቸው።

አንድ ተጨማሪ ልዩነት አለ። ከነሐሴ 1964 በፊት የተሠሩት ሰብሳቢዎች «ስድሳ አራት ተኩል» ይሏቸዋል። ፎርድ ግን በወረቀት ሁሉንም 1965 ነው ያላቸው። እነዚህ ቀደምቶች ባትሪ የሚሞላላቸው በአሮጌው ዓይነት ጄኔሬተር ነው። ከነሐሴ በኋላ ወደ ኦልተርኔተር ተቀየረ። እኛ አገር ሁለቱንም ዲናሞ ስለምንል ሻጭ ሲያወራችሁ እንዳይምታታባችሁ።

ለሁሉም የአሜሪካ መኪና የሚያገለግል አንድ ምልክት ልጨምር። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ የፌዴራል ሕግ በመኪና ጎን፣ ከፊትም ከኋላም፣ መብራት ወይም አንጸባራቂ እንዲኖር አስገድዷል። ጎኗ ላይ ምንም የሌላት መኪና 1967 ወይም ከዚያ በፊት ናት። ይህቺን አንዲት ነገር ብቻ ይዤ በኤግዚቢሽን ሜዳ ላይ ስንቱን መኪና በትክክል ገምቻለሁ።

ደረጃ 3፦ በትንሿ ጀምሩ

መጠኑን በመረዳት ጀምሩ። «1 ለ 64» ማለት እውነተኛዋ 64 ጊዜ አንሳለች ማለት ነው። ሙስታንግ በግምት 4 ሜትር ከ61 ሳንቲም ትረዝማለች። ስለዚህ በ1 ለ 64 ሰባት ሳንቲም ያህል ትሆናለች፤ ኪስ ውስጥ ትገባለች። በ1 ለ 43 ወደ 11 ሳንቲም፣ በ1 ለ 25 ወደ 18 ሳንቲም፣ በ1 ለ 18 ወደ 26 ሳንቲም ትመጣለች። መደርደሪያችሁን ለኩና መጠን ምረጡ። አንድ ክፍል የሚከራይ ሰው 1 ለ 18 ከጀመረ በስድስት ወር አልጋው ሥር ይሞላል።

ከሁሉም አስቀድሜ ልቤ የሚሄደው መግቢያዬ ላይ ወደነገርኳችሁ ወደ ምራቂዎቹ ነው። እዚህ «ፕሮሞ» ይሏቸዋል። ኤኤምቲ እና ጆሃን የሚባሉ የሚሺጋን ድርጅቶች በ1 ለ 25 ይሠሯቸው ነበር። የመኪና ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ንድፉን ስለሚሰጧቸው ልካቸው ትክክል ነው። ቀለማቸው ደግሞ የእውነተኛው መኪና ቀለም ነው። ሻጮች ለደንበኛና ለደንበኛ ልጅ ይሰጧቸው ነበር። ስለዚህ ፕሮሞ አሻንጉሊት ብቻ አይደለም። የዚያ ዘመን ማስታወቂያም፣ የቀለም ናሙናም ነው።

ፕሮሞን ከኪት መለየት ልመዱ። ኪት በሣጥን ተበታትኖ የሚሸጥ፣ በማጣበቂያ የሚገጣጠም ነው። አንድ ሰው በ1966 ቤቱ የገጣጠመውን ኪት ዛሬ «ፕሮሞ ነው» ብሎ የሚሸጥ አይጠፋም። አገላብጣችሁ እዩት። ፕሮሞ ፋብሪካ የተገጣጠመ ስለሆነ የማጣበቂያ ዱካ አይታይበትም። ኮፈኑ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም፣ ከሥሩም ሞተር የለም። ኪት ኮፈኑ ይነሳል፣ ሞተሩ ይታያል፣ መጋጠሚያው ላይ ማጣበቂያ ፈሶ የደረቀበት ይኖራል።

ቀጥሎ ሆት ዊልስ የሚባሉት ትንንሽ መኪኖች። ማቴል የሚባለው የአሻንጉሊት ድርጅት በ1968 በአስራ ስድስት መኪኖች ጀመረ። ከነሱ አንዷ «ከስተም ሙስታንግ» ናት። ከ1968 እስከ 1977 የነበሩት ጎማቸው ላይ ቀይ መስመር ስላላቸው «ሬድላይን» ይባላሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀለም «ስፔክትራፍሌም» ነው። በተወለወለ ብረት ላይ የተቀባ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም ነው። ፀሐይ ላይ ስትይዙት ከውስጥ የሚበራ ይመስላል። ከረሜላን በብርጭቆ ውስጥ እንደማየት ነው። አዳዲሶቹን ለመጀመር ደግሞ ከአንድ ዶላር ብዙ የማይበልጥ ይበቃል። ከ1995 ጀምሮ «ትሬዠር ሀንት» የሚባሉ ጥቂት ልዩ መኪኖች ከተራዎቹ ጋር ተቀላቅለው ይወጣሉ። ከ2007 ጀምሮ የተለየው ደረጃቸው ስፔክትራፍሌም ቀለምና ከእውነተኛ ላስቲክ የተሠራ ጎማ አለው። እሱን ለማግኘት ሱቅ ለሱቅ መዞር የሚወዱ አሉ። እኔ አልገፋፋችሁም፤ የምትፈልጉት ሙስታንግ ነውና።

ከእንግሊዝ የመጡትን ማችቦክስና ኮርጊንም አትርሱ። የማችቦክስ ቁጥር 8 ሙስታንግ በ1966 ወጣች። ነጭ ነች፣ ውስጧ ቀይ። ከሹፌሩ በኩል የምትወጣ ትንሽ ዘንግ አለቻት፤ ስትገፏት የፊት ጎማዎቹ ይዞራሉ። ብርቱካናማዋ ግን ብርቅ ናት፤ ዋጋዋም ከነጯ ጋር አይወዳደርም። የኮርጊ ቁጥር 320 በ1 ለ 43 አካባቢ ነች። በሮቿ ይከፈታሉ፣ ከኋላ መስታወቷ ሥር ትንሽ ውሻ ተቀምጣለች። ስትገዙ ውሻዋ መኖሯን እዩ።

ቦታ ያለው ሰው ደግሞ የኤኤምኤፍን «ሚጀት ሙስታንግ» ይፈልግ። ልጅ ተቀምጦባት በእግሩ እየመታ የሚነዳት የቆርቆሮ መኪና ናት። በ1964 በፎርድ ሻጮች በኩል በ12.95 ዶላር ትሸጥ ነበር። የሽቦ መኪና በኮርኪ ጎማ እየነዳን ላደግን ሰዎች ይህቺን ማየት ልዩ ስሜት አለው።

ደረጃ 4፦ እንዳትሸወዱ

የጀማሪ ትልቁ ወጥመድ ከሆዷ ላይ የተጻፈው ዓመት ነው። አሻንጉሊቷን ገልብጣችሁ የማቴልን ስም ከአንድ ዓመት ጋር ታያላችሁ። ያ ዓመት ቅርጿ በሕግ የተመዘገበበት ነው እንጂ እሷ የተሠራችበት አይደለም። አንድ ቅርጽ ለሠላሳ ዓመት ሊመረት ይችላል። ትናንት ከፋብሪካ የወጣችው መኪና የድሮ ዓመት ተሸክማ ትመጣለች። ሻጭም «አሮጌ ነች» ይላችኋል፤ ምናልባት እሱም ከልቡ አምኖበት ነው።

ሁለተኛው፣ እንደገና የተቀባች መኪና ነው። እኔ ራሴ አንዲት ሬድላይን ከስተም ሙስታንግ በኢንተርኔት ገዝቼ ነበር። ሰማያዊዋ ዓይን ትስብ ነበር። ቤት ስትደርስ ገልብጬ በማጉያ መነጽር አየኋት። ሆዷን ከገላዋ የሚያያይዘው ብሎን መሰል ድፍን ተበስቶ፣ እንደገና ተሞልቷል። ማለትም አንድ ሰው ከፍቶ፣ አጥቦ፣ ቀብቶ ገጥሟታል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሆዷን ፎቶ ጠይቁ። ፎቶ አልልክም የሚል ሻጭ ካለ ተዉት። የኦሪጅናል ስፔክትራፍሌም ጠቆር ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ያወጣል። ያ ጉድለት ቢሆንም የእድሜዋ ምስክር ነው።

ሦስተኛው የተከፈተ ማሸጊያ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጣበቀውን ፕላስቲክ ጠርዙን ዙሩት። የፋብሪካ ማጣበቂያ እኩል ነው። በእጅ የተለጠፈ ወይ ይወፍራል፣ ወይ ካርቶኑን ይቀድደዋል።

ዋጋን በተመለከተ፣ ሻጭ የሚጠራውን ሳይሆን የተሸጠበትን እዩ። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል። አንድ ወር ሙሉ ሳትገዙ የአንዲትን አሻንጉሊት የሽያጭ ዋጋ በደብተር መዝግቡ። ከዚያ በኋላ ማንም አያታልላችሁም።

ደረጃ 5፦ አቀማመጥ

ፀሐይ ቀለም ትበላለች፤ መስኮት ፊት አትደርድሩ። ሙቀት የድሮ ፕሮሞዎችን ያጣምማል። የ1950ዎቹ ፕሮሞ የተሠራበት ፕላስቲክ በራሱም ጊዜ ይጣመማል፤ ጣሪያው ሰምጦ፣ ጫፉ ተነስቶ ብታዩ የባለቤቱ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ለስላሳ የፕላስቲክ ጎማ ከሌላ ፕላስቲክ ጋር ለዓመታት ከተነካካ ያቀልጠዋል፤ ስለዚህ ጎማው የሚያርፍበትን እዩ። በጥንት የብረት አሻንጉሊት ላይ ደግሞ የዚንክ በሽታ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠሩት ላይ ይብሳል። ብረቱ ውስጥ የገባ ቆሻሻ ቀስ በቀስ ይሰነጣጥቀዋል፣ መጨረሻው ዱቄት ነው። መድኃኒት የለውም። አቧራን በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ጥረጉ።

አገር ቤት ይዤ እገባለሁ ለሚሉ፣ አሻንጉሊቷ ሻንጣ ውስጥ ትገባለች። ትልቋ ግን ችግር አለባት። በ2024 መጀመሪያ ላይ ኢትዮጵያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ይህን ሳያጣሩ አሜሪካ ውስጥ መኪና ገዝቶ መርከብ ማፈላለግ አያዋጣም።

ደረጃ 6፦ ወደ ትልቋ ከመሄዳችሁ በፊት

አንድ የኤግዚቢሽን ወቅት ሙሉ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ከዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር ፔንሲልቬንያ በረከት ናት። ካርላይል ከተማ በየዓመቱ በበጋው መግቢያ የፎርድ መኪኖች ብቻ የሚሰበሰቡበት ትልቅ ዝግጅት አለ። ሄርሺ ከተማ ደግሞ በ1935 የተመሠረተው የአሜሪካ ጥንታዊ መኪኖች ክበብ በጥቅምት ሰፊ ገበያ ያዘጋጃል። መለዋወጫ፣ አሻንጉሊት፣ አሮጌ ማስታወቂያ፣ ሁሉም በአንድ ሜዳ ላይ ይሸጣል። ምቹ ጫማና ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ በማለዳ ግቡ።

ዋጋ ለመገመት ሃገርቲ የሚባለው የክላሲክ መኪና ኢንሹራንስ ድርጅት የሚያወጣውን መዘርዝር ተጠቀሙ። መኪናን ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣል። 1 ለኤግዚቢሽን የምትቀርብ እንከን የለሽ ናት፤ 4 የምትነዳ ግን የደከመች ናት። ለጀማሪ የምመክረው ደረጃ 3 ነው። ትነዳላችሁ፣ ትደሰታላችሁ፣ ስትጭሩባትም አታለቅሱም። «ርካሽ ገዝቼ አሳድሳለሁ» የሚለውን ሐሳብ ግን እፈራዋለሁ። የባቲላሜራ ሥራ፣ ቀለምና ኒኬል ተደምረው ከተዘጋጀች መኪና ዋጋ በላይ ይሄዳሉ።

ደረጃ 7፦ ቁጥሯን አንብቡ

ሙስታንግ ማንነቷን በቁጥር ትናገራለች። በኮፈኑ ሥር፣ በሹፌሩ በኩል፣ ከፓራፋንጎው ውስጥ ባለው ላሜራ ላይ ተወግቷል። በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይም የተለጠፈ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለ። ሁለቱም ከሊብሬው ጋር አንድ መሆን አለባቸው።

ለምሳሌ ቁጥሩ 6ኤፍ07ሲ ብሎ ቢጀምር፣ 6 ማለት 1966 ነው። ኤፍ ማለት ዲርቦርን፣ ሚሺጋን ተሠራች። አር ቢሆን ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ፤ ቲ ቢሆን ሜታችን፣ ኒው ጀርሲ። 07 ሁለት በር ያላት ተራዋ ኩፔ ናት፤ 08 ጣሪያዋ የሚታጠፈው፤ 09 ጀርባዋ የተንሸራተተው ፋስትባክ። ቀጣዩ ፊደል ሞተሯን ይናገራል። በ1966 ቲ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ፣ 120 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። ሲ፣ ኤ እና ኬ ሦስቱም ባለ ስምንት ሲሊንደሩ፣ 289 ኩቢክ ኢንች የሚይዘው ሞተር ናቸው። ጉልበታቸው በቅደም ተከተል 200፣ 225 እና 271 ነው። ቀሪው ተራ ቁጥር ነው፤ ከ100001 ይጀምራል።

ያቺ 100001 ቁጥሯን የያዘች የ1965 ሙስታንግ ታሪኳ ደስ ይላል። ገና ሽያጭ ሳይጀመር ካናዳ ውስጥ፣ ኒውፋውንድላንድ፣ ለአንድ አብራሪ በስሕተት ተሸጠች። ፎርድ ሲነቃ እንድትመለስ ለመነ። ሰውየው በ1966 መለሰላቸው፤ በምትኳ አዲስ ሙስታንግ ሰጡት። ዛሬ ዲርቦርን በሚገኘው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ናት።

ወደ ነገራችን ስንመለስ፣ ኬ የምትለዋ ከሁሉም ውድ ስለሆነች ማጭበርበር የሚበዛው በሷ ነው። የበሩ ሰሌዳ አዲስ ተሠርቶ ይገኛል፤ በሁለት ሪቬት ይመታል። ስለዚህ ከሰሌዳው ይልቅ ላሜራው ላይ የተወጋውን እመኑ። የላሜራው ዙሪያ ብየዳ ካለበት፣ ወይም ቁጥሩ ዙሪያ ቀለሙ ከሌላው ከተለየ፣ ዋጋውን ሳትነጋገሩ ተመለሱ።

በሩ ሰሌዳ ላይ የቀለም ፊደልም አለ። ኤም ማለት ዊምብልደን ዋይት የሚባለው ነጭ ነው። አሁን ቀይ የሆነች መኪና ሰሌዳዋ ኤም ካለ ቀለሟ ተቀይሯል። ቀይ ከወደዳችኋት ግዷት፤ ዋጋው ላይ ግን ተከራከሩ።

ደረጃ 8፦ ዝገት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሙስታንግ እንደ ፒክአፕ የተለየ ሻንሲ የላትም። ቦዲዋ ራሱ ነው የሚሸከማት። ስለዚህ ወለሏ ከዛገ መልኳ ብቻ አይደለም የተበላሸው፤ አጥንቷ ነው።

ማግኔት በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሂዱ። በበሮቹ ግርጌ፣ ከኋላ ጎማ በላይ፣ ከፊት ፓራፋንጎው ኋላ አስጠጉት። ማግኔቱ የማይሳብበት ቦታ ላይ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው።

ከዚያ ትልቁ ፈተና። ከፊት መስታወቱ ሥር አየር የሚያስገባ ፍርግርግ አለ። የ1965 እና የ1966 ሙስታንግ ዋና ደዌ ከሱ ሥር ያለው ቦይ መዛግ ነው። አይታይም። ለመሥራትም ብዙ ላሜራ መቁረጥ ይጠይቃል። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ሁለት ጠርሙስ ውኃ በፍርግርጉ ላይ አፍስሱ። አንዳችሁ ውስጥ ገብታችሁ ከክሩስኮቱ ሥር በባትሪ መብራት እዩ። ውኃው በፓራፋንጎዎቹ ኋላ በኩል መውረድ አለበት። እግር ማሳረፊያው ላይ ከተንጠባጠበ ቦዩ ተበስቷል። አልፈቅድም የሚል ባለቤት መልሱን ሰጥቷችኋል።

ምንጣፉን አንሱ። ወለሉን በእጃችሁ ዳስሱ። በፋይበር የተለጠፈ ካለ ድምፁ ሌላ ነው። ከኋላ የዕቃ ቦታውን ክፈቱ፤ በሙስታንግ የቤንዚን ታንከሩ አናት ራሱ ወለል ነው፣ ጠርዙ ዙሪያ ዝገት ይደበቃል። ከዚያ መኪናዋን አንስታችሁ ከሥር ግቡ። ከፊት ጎማዎቹ ኋላ፣ ወለሉ ሥር ያሉትን ሣጥን መሰል ብረቶች በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ጫን በሉ። ቢገባ አትደነቁ፤ ግን አትግዙ። ጣሪያዋ የሚታጠፈዋ ላይ ይህ ሁሉ እጥፍ ነው። ክሪክ ከፍ ስታደርጉ በሯ አልዘጋ ካለ ወገቧ ደክሟል።

ሞተሩን ከመቀስቀሱ በፊት በእጃችሁ ንኩት። ሞቆ ከጠበቃችሁ ባለቤቱ አስቀድሞ ለምን እንዳሞቀው ጠይቁ። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ዘይት ይቃጠላል ማለት ነው። ሞቆም የማይቆም ነጭ ጭስ ውኃ ሲሊንደር ገብቷል ማለት ነው። ጥቁር ጭስ ካርቡሬተር ነው፤ እሱ ቀላል ነው። በእኔ እምነት የደከመ ሞተር ያላት ንጹሕ ቦዲ፣ አዲስ ሞተር ካላት የዛገች ቦዲ በብዙ ትበልጣለች። ሞተር ይወጣል፣ ይገባል።

ደረጃ 9፦ ሊብሬ፣ ታርጋ፣ ኢንሹራንስ

በስሙ ሊብሬ የሌለው ሻጭ ጋር ገንዘብ አትቀያየሩ፤ «የአጎቴ ናት» አይሠራም። ቨርጂኒያ ውስጥ 25 ዓመት የሞላት መኪና የጥንታዊ መኪና ታርጋ ማውጣት ትችላለች። ለዕለት ሥራ የምትነዱት ሌላ መኪና ግን ሊኖራችሁ ይገባል። ሌሎች ግዛቶች የራሳቸው ደንብ አላቸው።

ኢንሹራንሱ የክላሲክ መኪና ይሁን። ተራው ኢንሹራንስ አደጋ ቢደርስ ያረጀ መኪና ብሎ ዋጋዋን ይቀንሳል። የክላሲኩ ግን በመጀመሪያ በተስማማችሁበት ዋጋ ይከፍላል። ፎቶና ደረሰኝ አዘጋጁ።

ደረጃ 10፦ የመጀመሪያው ዓመት

ከቀለምና ከቸርኬ በፊት ፍሬን። እስከ 1966 ሙስታንግ የፍሬን ዘይቱ በአንድ መስመር ነው የሚሄደው። አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ከ1967 ጀምሮ በሁለት መስመር ተከፈለ። ባለሁለት መስመሩን ወደ አሮጌዋ ማዛወር የታወቀ ሥራ ነው። ኦሪጅናልነት የሚያሳስባችሁ ከሆነ የድሮውን ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት። ልጆቻችሁን የምትጭኑ ከሆነ ግን አታወላውሉ።

ጎማውን ደግሞ ጥርሱን ሳይሆን ዕድሜውን እዩ። ጎኑ ላይ በአራት አኃዝ የሚያልቅ ጽሑፍ አለ። 3515 ካለ በ2015 በ35ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ከሆነ ከ2000 በፊት ነው። እነዚህ መኪኖች ብዙ ስለማይነዱ ጎማው አዲስ መስሎ ውስጡ የደረቀ ይሆናል። አሥር ዓመት ያለፈውን ቀይሩ።

የአሜሪካ ቤንዚን ዛሬ አብዛኛው 10 ከመቶ ኢታኖል አለው። የድሮ ጎማ ቱቦዎችን ይበላል፣ ሲቆም ካርቡሬተር ውስጥ ይረጋል። ቱቦዎቹን ለዚህ በተሠራ ቀይሩ። ዘይት ስትገዙ ዚንክ የበዛበት፣ ለድሮ ሞተር የሚሆነውን ምረጡ። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ለመንገድ መኪና ከ1996 ጀምሮ የለም። በዚህ አትጨነቁ፤ ሞተሩ ለሌላ ምክንያት ሲከፈት የባልቦላ መቀመጫዎቹ በጠንካራ ብረት ይለወጡ።

ክረምት ሲገባ ታንከሩን ሙሉ፣ ቤንዚን እንዳይበላሽ የሚያደርገውን መድኃኒት ጨምሩ፣ ከዚያ እሱ ካርቡሬተሩ ድረስ እንዲደርስ አሥር ደቂቃ ንዱ። የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱ። ማርሚታውን በጨርቅ ወትፉ፤ አይጥ በዚያ ትገባለች። በጨርቁ ላይ ቀይ ክር አስሩና ጫፉን መሪው ላይ አንጠልጥሉ፣ በጸደይ ስትቀሰቅሷት እንዳትረሱት።